ጎዶሎ ዐረፍተ ነገርና የተዛነፈ አሰላለፍ፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እርማት ሲመረመር

በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ድርሰት እርማት ሁለት ስሕተቶች የመምህሩን ቀይ እርሳስ ዘወትር ያደክማሉ። አንደኛው ጎዶሎ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም ሐሳቡ ሳይቋጭ ነጥብ የተደረገበት ሐረግ ማለት ነው። ሁለተኛው የተዛነፈ አሰላለፍ ሲሆን፣ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ቃላት ወይም ሐረጎች በቅርጽ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ የሚፈጠር ጉድለት ነው። ስሕተቶቹ ሊታረሙ ይገባል፤ አጠያያቂው የሚታረሙበት መንገድ ነው።

ደንቦቹን በአጭሩ ካቀረቡት መጻሕፍት አንዱ ዊሊያም ስትራንክ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1918 የታተመው አነስተኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አንድን ዐረፍተ ነገር ለሁለት መሰንጠቅን ይከለክላል፤ ተጓዳኝ ሐሳቦችም በተመሳሳይ ቅርጽ እንዲገለጹ ያዛል። ደንቦቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን የታሰቡት የቋንቋው ዜማ በጆሮው ላለ ተማሪ ነው። «ሙሉ ሐሳብ ያልያዘ ዐረፍተ ነገር አይደለም» የሚለው ትርጓሜ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ለሚማር ልጅ በቂ መለኪያ አይሆንም።

ለምሳሌ ተማሪው «ሂ ዋዝ ሌት። ቢኮዝ ዘ ሬይን ዋዝ ሄቪ።» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለተኛው ጎዶሎ ነው ተብሎ ይሰረዝበታል። ልጁ «ባለቤት አለው፤ ግሥም አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ቢል ጥያቄው ያስኬዳል። የስሕተቱ አንዱ ምንጭ ትርጉሙ ነው። «ቢኮዝ» የሚለው ቃል «ምክንያቱም» ተብሎ ተተርጉሞለታል። በአማርኛ «ዘገየ። ምክንያቱም ዝናቡ በርትቶ ነበር።» ቢባል ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ቃሉ በ«ስለ» ቢተረጎምለት ኖሮ ግን «ዝናቡ ስለበረታ» ብሎ አራት ነጥብ ለማድረግ እጁ ባልታዘዘው ነበር፤ ማሰሪያ አንቀጹ እንደቀረ ጆሮው ይነግረዋልና። በአማርኛ የጥገኝነት ምልክቱ ከግሡ ጋር ተጣብቆ በሐረጉ መጨረሻ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግን አያያዡ በመነሻው ተነግሮ ስለሚያልፍ መጨረሻው ያለቀ ይመስላል።

የተዛነፈው አሰላለፍም ተመሳሳይ ምርመራ ይሻል። «መዋኘት፣ መሮጥና መዝለል ይወዳል» የሚል ተማሪ በአማርኛ አይሳሳትም፤ ንዑስ አንቀጹ አንድ ቅርጽ ብቻ ነውና። እንግሊዝኛ ግን ለዚሁ አንድ ቅርጽ «ስዊሚንግ» እና «ቱ ስዊም» የሚሉ ሁለት አማራጮች ያቀርብለታል። በመሆኑም «ሂ ላይክስ ስዊሚንግ፣ ራኒንግ ኤንድ ቱ ጃምፕ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩ «ቱ ጃምፕ» የሚለውን ሰርዞ ቢያልፍ፣ ልጁ ከ«ላይክ» በኋላ ይህ ቅርጽ ፈጽሞ አይገባም ብሎ ሌላ ስሕተት ይማራል። እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው ትክክል ነው፤ የተዛነፈው ረድፉ ነው።

ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋዎችን ማነጻጸር ለመምህሩ የሚሰጠውን ጥቅም አስረድቷል። ፒት ኮርደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስሕተት ተማሪው እስከዚያ የደረሰበትን የቋንቋ ሥርዓት የሚያሳይ ማስረጃ መሆኑን አመልክቷል። ከእነዚህ ሐሳቦች በመነሣት በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ቀላል ነው። መምህሩ መልሱን ጽፎ ከመስጠት ይልቅ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ብቻ ቢያመለክት፣ ተማሪው ሐረጉን ከቀደመው ዐረፍተ ነገር ጋር ራሱ እንዲያያይዝ ቢያደርግ፣ የተደረደሩትንም ቃላት አንዱን ከሌላው በታች አስጽፎ ቢያስተያይ እርማቱ ትምህርት ይሆናል። የተማሪው ብዛት ለሚከብድበት መምህር በሳምንት አንድ ዓይነት ስሕተት መርጦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጋራ ማረም ይበቃል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ለሆነ ተማሪዎች ግን ንጽጽሩ በየቋንቋቸው ሊጠና እንጂ የአማርኛው እንዳለ ሊጫንባቸው አይገባም።

ጉዳዩ የእንግሊዝኛ መምህራን ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስጫ ቋንቋ አድርጓል። ስለሆነም የዐረፍተ ነገር አያያዝ ያልገባው ልጅ የሚያውቀውን ታሪክና ባዮሎጂ ጭምር መግለጽ ይሳነዋል። ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ከአራት አማራጮች ማክበብ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ስላይደለ፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለአጫጭር አንቀጾች ጽሕፈትና እርማት በሰዓት ድልድሉም ሆነ በምዘናው ቦታ ሊሰጡ ይገባል።