መጀመሪያ ፊደሉ፣ መጨረሻ አሳላፊነቱ

መካነ ሰላም ላይ ላፕቶፕ ይዘውልኝ የሚመጡ ተማሪዎች ሊኑክስ ከጫንኩላቸው በኋላ የሚያስከትሉት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ተርሚናሉን ትራንስፓረንት ያድርጉልኝ።» ከጥቁሩ መስኮት ጀርባ የሚወዱት ፎቶ ደብዘዝ ብሎ እንዲታያቸው፣ ትእዛዛቸውም በላዩ ላይ እንዲወርድ ይፈልጋሉ። «አብሽር፣ ይሆናል» እላለሁ። ሥራውን የምጀምረው ግን እነሱ ከሚጀምሩበት ጫፍ አይደለም። እነሱ ፎቶውን ያስቀድማሉ፤ ቀጥለው ዓይናቸው እስኪወደው ያሳሱታል፤ ፊደሉ አልነበብ ሲላቸው ወደ ቀለሙ ይሄዳሉ። እኔ ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ የክፍሉን ብርሃንና ፎቶውን በዚሁ ቅደም ተከተል ጨርሼ ነው አሳላፊነቱን የምነካው።

ነገሩ እንዲገባን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ሲስል የኖረው ኤክስ የተባለው ሥርዓት፣ ድሮ አንዱ መስኮት ሌላውን ሲሸፍነው የተሸፈነውን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አያስቀምጠውም ነበር። መስኮቱ ተመልሶ ሲገለጥ ፕሮግራሙን «እንደገና ሳል» ይለዋል። ከኋላ ያለው ካልተቀመጠ ምኑ ያልፋል? በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንደ ኢተርም ያሉ ተርሚናሎች ዘዴ ፈጠሩ። ተርሚናሉ የዴስክቶፑን ዎልፔፐር ይወስዳል፣ እሱ ካረፈበት ቦታ ትይዩ ያለውን ቁራጭ ይቆርጣል፣ አጥቁሮም የራሱ ጀርባ ያደርገዋል። ሲያዩት የሚያሳልፍ ይመስላል፤ በመሃል ሌላ መስኮት ቢኖር ግን አይታይም። ሐሰተኛ አሳላፊነት የሚባለው ይኸው ነው።

እውነተኛው የመጣው በሴፕቴምበር 2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስ.ኦርግ 6.8፣ እነ ኪት ፓካርድ የሠሩትን ኮምፖዚት የተባለ ቅጥያ ይዞ ሲመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መስኮት በራሱ ሜሞሪ ላይ ተስሎ ይቀመጣል፤ ኮምፖዚተር የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ሁሉንም ደራርቦ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። አንድ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ 8፣ 8 ቢት ነበረው፤ አሁን ለድፍንነት ሌላ 8 ቢት ተጨምሮ 32 ሆነ። ድፍንነቱ 85 በመቶ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣው ቀለም 85 በመቶው የፊተኛው፣ 15 በመቶው የኋለኛው ነው። ጥቁር ተርሚናል ነጭ ገጽ ላይ ሲያርፍ እንግዲህ ጥቁሩ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ የ255 አሥራ አምስት በመቶ፣ ማለትም 38 ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ድፍንነት የሚቀነስባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተርሚናሉ ራሱ ሴቲንጉ ውስጥ የያዘው ሲሆን የሚያሳሳው ጀርባውን ብቻ ነው፤ ፊደሉ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ኮንሶል፣ የኤክስኤፍሲኢ ተርሚናል፣ ኪቲና አላክሪቲ የተባሉት ተርሚናሎች ሁሉም ይህ አላቸው። ሁለተኛው ከኮምፖዚተሩ በኩል ነው፤ ለምሳሌ ፒኮም በተባለው ኮምፖዚተር ላይ ለአንድ መስኮት 85 በመቶ ብላችሁ ብትጽፉ መስኮቱ ከነፊደሉ ይሳሳል። ሁለቱም ቦታ የነካ ደግሞ ሁለት ጊዜ አሳስቷል። እኔ የምነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ወደ ቀለም ስንመጣ ግምት አያስፈልግም፤ ሒሳብ አለው። ደብሊውሥሪሲ የተባለው የድር ደረጃዎች ድርጅት ባወጣው መመሪያ፣ የተራ ጽሑፍና የጀርባው ኮንትራስት ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ፈካ ያለ ግራጫ ፊደል፣ ከ255 ላይ 204 የሆነው፣ ድፍን ጥቁር ላይ 13 ለ 1 አለው። ከኋላው ነጭ ገጽ ተከፍቶ ድፍንነቱን 85 ስናደርገው 9.4፣ 70 ስናደርገው 5.3፣ 50 ስናደርገው 2.5 ይሆናል። የፎልደር ስም የሚጻፍበት የኤክስተርም ሰማያዊ ድፍን ጥቁር ላይ እንኳ 2.2 ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርባውን ከማሳሳቴ በፊት ሰማያዊውን አፈካዋለሁ፤ ያለዚያ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ይኸው ሒሳብ አንድ ተወዳጅ ሰበብ ያፈርሳል። «ከኋላ ያለውን ማስተማሪያ እያነበብኩ ፊት ለፊት እጽፍበታለሁ» የሚሉኝ አሉ። 85 ላይ ከኋላ ያለው ጥቁር በነጭ ጽሑፍ የሚተርፈው ኮንትራስት 1.4 ብቻ ነው፤ አይነበብም። እሱ እንዲነበብ ወደ 50 ብንወርድ የኋለኛው 5.3 ያገኝና የእኛው 2.5 ላይ ይወድቃል። አንዱን ለማንበብ ሌላውን መሠዋት ግድ ነው። ሁለቱን ማንበብ የፈለገ ሰው ጎን ለጎን ያድርጋቸው። አሳላፊነት የሚሰጠው ድባብ ነው፤ ድባብ መፈለግ ነውር የለውም፣ ዋጋውን ማወቅ ግን ይገባል።

ለእኛ ፊደል ዋጋው ከፍ ይላል። ሱን ከሲ የሚለየው ቅጥያው ከቀኝ እግሩ ወገብ ወይም ከግርጌው መውጣቱ ነው፤ ሴ ደግሞ እዚያው ግርጌ ላይ ቀለበት አላት። በተለመደው የተርሚናል መጠን ይህ ልዩነት አንድ ሁለት ፒክስል ነው። በእኛ አካባቢ ከሳይንቷ ተድባበ ማርያም ጀምሮ የብራና መጽሐፍ ያላቸው ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብራና ፋቂው ቆዳውን ከልኩ በላይ ካሳሳው የጀርባው ገጽ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ንባብ እንደሚያውክ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔም ፈተና ከዚያ የራቀ አይደለም። ከኋላ ነጭ ገጽ በጽሑፍ የተሞላ እከፍትና ተርሚናሉ ላይ «ሱ ሲ ሴ ቡ ቢ ቤ ቱ ቲ ቴ» ብዬ አስጽፋለሁ። ባለ ላፕቶፑ ክንዱን ዘርግቶ ሳይደናቀፍ ካነበበው አልፏል፤ ካልሆነ ድፍንነቱን እጨምራለሁ።

በዚህ ላይ የስፋት ችግር አለ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የሚመድበው ለላቲን ፊደል የሚሰጠውን ያህል አንድ ጠባብ ሳጥን ነው። እኩል ስፋት ያላቸው አብዛኞቹ ፎንቶች ደግሞ ፊደላችንን ስለማይዙ ሥርዓቱ ከኖቶ ወይም ከአቢሲኒካ ይበደራል። ያኔ እንደ ጠ እና ጨ ያሉት ሰፋፊዎች ከጎረቤታቸው ጋር ይጋፋሉ፣ ወይም ጎናቸው ይቆረጣል። የሳጥኑን ስፋት መጨመርና የፊደሉን መጠን ከፍ ማድረግ ይቀድማል። ፋይሎቹን በአማርኛ የሚሰይም ወይም የአማርኛ ጽሑፍ በፕሮግራም የሚያበጥር ተማሪ ይህን ሳያስተካክል ስለ ጀርባው ሊያስብ አይገባም።

ቀጥሎ ብርሃን። ከተማችን ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ ጠዋት በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ስክሪን ያጠፋል። ነጸብራቅ በጥቁሩም በፊደሉም ላይ እኩል ስለሚደመር የሚጎዳው ምጥጥናቸውን ነው። ከስክሪኑ ነጭ ብርሃን 10 በመቶ የሚያህል ነጸብራቅ ቢጨመር፣ ድፍን ጥቁር ላይ 13 የነበረው ወደ 5 ይወርዳል፤ 85 ላይ የነበረው 4.4 ገደማ፣ 70 ላይ የነበረው 3.4 ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያለፈው 70 መስኮት ዳር ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪውን የማታ ክፍሉን ሳይሆን ቀን የሚቀመጥበትን ቦታ እጠይቀዋለሁ። ኮንሶል ላይ ከሆነ ሁለት ፕሮፋይል እሠራለታለሁ፤ የቀኑ ድፍን፣ የማታው 85።

ፎቶ ላይ እንከራከራለን። አብዛኞቹ የሚያመጡት ከቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተነሳ ነው፤ ጭላዳ፣ ጅብራ፣ ቀይ ቀበሮ። ፎቶው ያምራል፤ ነገር ግን የጓሳው ሣርና የጭላዳው ጋማ እንደ ፊደሉ ሰረዝ ቀጫጭን ስለሆኑ ዓይን የትኛው የትኛው እንደሆነ ይቸግረዋል። በዓባይ ሸለቆ ላይ የተኛ ጭጋግ ወይም የማታ ሰማይ ግን ሰፋፊ ቅርጽ ብቻ ስላለው ከፊደል ጋር አይጣላም። ጭላዳውን ካልተዉ ደግሞ መላ አለው፤ ፎቶውን ማደብዘዝ።

ማደብዘዙን ለኮምፖዚተሩ መተው ይቻላል፤ ፒኮምም የኬዲኢ ዴስክቶፕም ይሠሩታል። ግን ከኋላ ያለው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ስለሚያሰሉ አሮጌ ላፕቶፕ ይሞቃል፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። እኔ ፎቶውን ኢሜጅማጂክ በተባለ ፕሮግራም አንዴ አደብዝዤ፣ አጥቁሬ፣ ዎልፔፐር አደርገዋለሁ። ተርሚናሉ አርኤክስቪቲ-ዩኒኮድ ከሆነ ሐሰተኛውን አሳላፊነት አበራለታለሁ። ኮምፖዚተር አያስፈልግም፤ መልኩ ውርጭ የያዘ መስታወት ይመስላል። ከሁሉም በላይ ከኋላ የሚመጣው ምን እንደሆነ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። በእውነተኛው ግን ነጭ ገጽ በማንኛውም ሰዓት ከኋላ ሊከፈት ይችላል፤ ቅንብሬም ያንን እንዲችል ሆኖ መለካት አለበት። ደካማ ማሽን ላይ ሐሰተኛውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

አንድ መስኮት ግን አላሳሳም። ሩት በሚባለው የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራበት፣ ወይም በኤስኤስኤች ሌላ ሰርቨር ላይ የገባ ተርሚናል ሙሉ ድፍን ይሆናል፤ ጀርባውንም ጥቁር ቀይ አደርገዋለሁ። እዚያ አንዲት ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ አላግባብ ከገባች የሚሰረዘው ሌላ ፎልደር ነው። ተማሪዎቹ ይህችን ብቻ «ለምን?» ብለው አይከራከሩኝም።