የሕፃኑ ስም የት ተጻፈ? የልጆች የጤና መድን ዋጋ ከስዊዘርላንድ እስከ አራዳ

የጤና መድን በአገራችን መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ በየስብሰባው አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መዋጮው ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ሲቆም ያሳስታል። በተለይም መድን የሚገባለት ሰው ራሱ የማይከፍል፣ ራሱ የማይመርጥ፣ ሕመሙንም በቃል መግለጽ የማይችል ሕፃን ሲሆን የዋጋ ንጽጽር ከሚገልጸው ይልቅ የሚሰውረው ሊበዛ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በአንድ ወገን የልጆችን መድን በሕግ ግዴታ ያደረገችውን ስዊዘርላንድን፣ በሌላ ወገን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚሠራበትን የአዲስ አበባን አራዳ ክፍለ ከተማ አስቀምጦ፣ ሊነጻጸር የሚገባው በእርግጥ ምን እንደሆነ ለመመርመር ይሞክራል።

ዋጋ የወጣለት ልጅ

የስዊዘርላንድ የጤና መድን ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ጀምሮ ነው። በሕጉ መሠረት በአገሪቱ የሚኖር ማንኛውም ሰው መድን የመግባት ግዴታ አለበት። ግዴታው በቤተሰብ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ነው። ሕፃን በተወለደ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ በራሱ ስም መመዝገብ ይኖርበታል፤ በጊዜው ከተመዘገበም ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። መድን ሰጪዎቹ ድርጅቶች ብዙ ቢሆኑም በመሠረታዊው መድን ማንንም አመልካች መመለስ አይችሉም፤ ትርፍ እንዲያገኙበትም አልተፈቀደም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሠረታዊው መድን የሚሸፍነው የሕክምና ዝርዝር በሕግ የተወሰነና በሁሉም ድርጅቶች ዘንድ አንድ ዓይነት ነው።

የስዊዘርላንድ ወላጆች በየዓመቱ ዋጋ ለማወዳደር የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። የመጪው ዓመት አረቦን በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ገደማ ይፋ ይሆናል፤ ቤተሰቡም እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ድረስ አሳውቆ ወደሚረክሰው ድርጅት መዛወር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአንድ ልጅ አማካይ ወርኃዊ አረቦን 117.90 ፍራንክ ሲሆን፣ የአዋቂው 449.20 ፍራንክ ነበር። አዋቂ ሰው በዓመት ቢያንስ 300 ፍራንክ ከኪሱ ካወጣ በኋላ ነው መድኑ መክፈል የሚጀምርለት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ይህን የመጀመሪያ ወጪ የመሸፈን ግዴታ የለበትም፤ ከሕክምናው ወጪ ዐሥር በመቶውን፣ ያውም በዓመት ከ350 ፍራንክ ሳይበልጥ ይጋራል።

ሥርዓቱ እንከን አልባ አይደለም። አረቦኑ ከገቢ ጋር አይያያዝም፤ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ድርጅትና በአንድ ዓይነት ውል የተመዘገቡ የሀብታምና የጽዳት ሠራተኛ ልጆች እኩል ይከፈልባቸዋል። ልጅ በተጨመረ ቁጥር ክፍያም ይጨመራል። ይህን ለማለዘብ ካንቶኖች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የልጆቻቸውን አረቦን ቢያንስ በ80 በመቶ እንዲቀንሱ ሕጉ ያስገድዳል። እንዲያም ሆኖ የጥርስ ሕክምና በአብዛኛው ከመሠረታዊው መድን ውጭ ስለሆነ የልጅ ጥርስ የወላጅ ኪስ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ወላጆች ሳይከፍሉት የቀረ የልጅ አረቦን ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ የራሱ ዕዳ ሆኖ ይከተለው የነበረ መሆኑ ነው። ይህ የተስተካከለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። በዚያው ዓመት በጁን 9 ቀን አረቦን ከቤተሰብ ገቢ ዐሥር በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቅ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ውድቅ ሆኗል።

እንግዲህ በስዊዘርላንድ ልጅ በስሙ የተጻፈ ዋጋ አለው። ዋጋው ይከብዳል፤ አንዳንዴም ኢፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ይታያል፤ ስለሚታይም ይከራከሩበታል።

ዋጋ ያልወጣለት ልጅ

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ በመደበኛው ዘርፍ የተቀጠሩ ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ከነቤተሰባቸው ለማቀፍ ታስቦ ነበር። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ ተግባራዊነቱ በየጊዜው እየተራዘመ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ለገበሬው፣ ለጉልት ነጋዴውና ለቀን ሠራተኛው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። አዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች ጀምራለች።

የሙከራው ዘመን መዋጮ ለዚህ ንጽጽር ጠቃሚ ትምህርት ይዟል። በአማራ ክልል መዋጮው በነፍስ ወከፍ በወር 3 ብር ሆኖ ሲተመን፣ በሌሎቹ ሦስት ክልሎች ግን ለአንድ ቤተሰብ በወር ከ10.50 እስከ 15 ብር ነበር። በቤተሰብ በተተመነበት ቦታ ሁሉ አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይታቀፋሉ፤ ተጨማሪ የሚጠየቀው ዕድሜው ከዚያ ላለፈ ወይም በቤቱ ለሚኖር ሌላ ዘመድ ነው። በሌላ አነጋገር ልጁ ዋጋ የሚወጣለት ልጅ መሆኑን ሲያቆም ብቻ ነው።

ይህ አካሄድ ለአራዳ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በሠራተኛ ሰፈርም ሆነ በእሪ በከንቱ ትውልድ የተሻገሩ እድሮች የሚያዋጡት በቤት ነው። እድርተኛው አምስት ልጅ ስላለው አምስት እጥፍ አይከፍልም፤ ሐዘን ሲደርስበት ግን ድንኳኑ እኩል ይተከልለታል። ቤተሰብን እንደ አንድ አባል መቁጠር ብዙ ልጅ ያለውን ድሃ አይቀጣም። በዚህ ረገድ የእኛው ሥርዓት ከስዊዘርላንዱ የበለጠ ርኅራኄ አለው ማለት ይቻላል፤ ለአራተኛ ልጅ አራተኛ አረቦን የሚጠየቅ ወላጅ በዚህ ይቀናል።

ይሁን እንጂ እድር የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ሞት ደግሞ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ወጪውም አስቀድሞ ይታወቃል። የሕፃን ሕመም እንዲህ አይደለም። ተደጋግሞ ይመጣል፤ ሌሊት ይመጣል፤ በሰዓታት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። የእድርን የአቆጣጠር ዘዴ ለሕክምና ስናውስ አንድ ነገር ከእጃችን ያመልጣል፤ ይኸውም የልጁ የራሱ ሒሳብ ነው። በመዋጮው ውስጥ የልጁ ድርሻ ስንት እንደሆነ ተለይቶ አይታይም፤ ስለዚህም ለልጁ የተሰጠው አገልግሎት ከድርሻው ይነስ ወይም ይብለጥ የሚጠይቅ የለም።

ከመዋጮው ውጭ ያለው ዋጋ

ጉዳዩን በምሳሌ መመልከት ይረዳል። ከፒያሳ ጀርባ ከሚገኝ ሰፈር አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ልጁ ያስለዋል፤ በደቂቃ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይተነፍሳል። ቤተሰቡ የመድኑ አባል ስለሆነ እናቲቱ በካርድ ክፍል መታወቂያዋን አሳይታ ያለ ክፍያ ትስተናገዳለች። የሳንባ ምች ነው ተብሎ አሞክሲሲሊን ታዘዘ። እስከዚህ ድረስ መድኑ ቃሉን ጠብቋል። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ፋርማሲ ካለ ታሪኩ በዚህ ያበቃል። ከሌለ ግን ማዘዣዋን ይዛ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። ደረቱ እየሰረጎደ ሄዶ ሆስፒታል ያስፈልገዋል ከተባለም የሪፈራል ወረቀት መያዝ አለባት፤ ደንግጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሮጠች መድኑ ወጪዋን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንላት ይችላል።

ለዚች እናት የልጇ መድን ዋጋ ስንት ነው? በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የዓመቱ መዋጮ ብቻ አይደለም። ያልተገኘው መድኃኒት፣ የታክሲው፣ የቀረው የቀን ገቢና ወረቀት ፍለጋ ያለፈው ሰዓት ተደምረው ነው ዋጋው የሚታወቀው። በአገር አቀፍ ደረጃም ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ገደማ የሚሆነው ከታካሚው ኪስ በቀጥታ የሚወጣ መሆኑን የብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናቶች ያሳያሉ።

የንጽጽሩ ቁልፍ ነጥብም ይኸው ነው። በስዊዘርላንድ ሕጉ አገልግሎቱን አንድ ስላደረገው የሚለያየው ዋጋው ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ማወዳደር ትርጉም አለው። በእኛ ዘንድ ግን መዋጮው አንድ ዓይነት በሚሆንበት ቦታ እንኳ የሚለያየው አገልግሎቱ ነው። አንድ ዓይነት መዋጮ ከፍለው አንዱ ልጅ መድኃኒቱን በጤና ጣቢያው ሲያገኝ ሌላው ማዘዣ ብቻ ይዞ ይወጣል። የፍራንኩን አረቦን ወደ ብር መንዝሮ «የእኛው ረከሰ» ማለት እንግዲህ ንጽጽር አይደለም። የረከሰው መዋጮው ነው፤ ሕክምናው መርከሱን ያረጋገጠ የለም።

ቤተሰብ የሌለው አባል

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። መድኑ በቤተሰብ ከሆነ ቤተሰብ የሌለው ልጅ የማን ነው? ፒያሳ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች። ከገጠር መጥቶ በመንገዱ ዳር ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ፣ በዘመድ ስም ተቀጥራ ሕፃን የምታዝል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በረንዳ ላይ የሚያድር ታዳጊ በማንም አባወራ መታወቂያ ላይ አልተጻፉም። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት መዋጮ የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ነገር ግን እርሱም የሚመለከተው በወረዳው የሚታወቅ ነዋሪ ቤተሰብን ነው። ድህነቱ እንዲመሰከርለት አስቀድሞ አድራሻ ሊኖረው ይገባል።

አድራሻ የነበራቸውም ቢሆኑ አድራሻቸው ጸንቶ አልቆየም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ሥራ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። የመድኑ ምዝገባ በወረዳ፣ የመጀመሪያው ሕክምናም በተመደበው ጤና ጣቢያ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ቤት ሲዛወር የልጁ ሽፋን፣ የክትባት ካርዱና የአስም ክትትሉ አብረው መዛወራቸውን የሚያረጋግጠው ማን ነው? በስዊዘርላንድ ከአንዱ ካንቶን ወደ ሌላው የሚሄድ ልጅ አረቦኑ ሊለወጥ ይችላል፤ መድኑ ግን አይቋረጥም። መድኑ የተጻፈው በልጁ ስም እንጂ በቤቱ ቁጥር አይደለምና።

አባልነት ሳይታደስ መቅረቱም በልጁ ላይ የሚያስከትለው ነገር አለ። ጤነኛ የሆነው ቤተሰብ «ዘንድሮ ማንም አልታመመብን» ብሎ እድሳቱን ሲተው የሚወስነው አባወራው ነው፤ የሚታመመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ልጅ ነው። ጤነኞቹ ወጥተው ሕመምተኞቹ ብቻ የቀሩበት ቋት ደግሞ ለጤና ተቋማት የሚገባውን በጊዜው መክፈል ያቅተዋል፤ ተቋሙም መድኃኒት መግዛት ይሳነዋል። የባዶ መደርደሪያው ሥር አንዱ እዚህ ላይ ነው።

ዘጠና ቀን

ይህ ሁሉ ሲባል የቤተሰብ መዋጮ ይቅር፣ የነፍስ ወከፍ አረቦን ይተካ ማለት አይደለም። ድሃ ወላጅን በልጆቹ ቁጥር ማስከፈል ለአገራችን አይበጅም። ከስዊዘርላንዱ ሕግ ሊወሰድ የሚገባው ዋጋው ሳይሆን ስሙ ነው፤ ማለትም ልጁ በራሱ ስም መቆጠሩ ነው። መዋጮው በቤተሰብ፣ መብቱ በልጅ ስም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

መሠረቱም በእጃችን አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ስዊዘርላንድ ሕፃኑን መድን ለማስገባት የምትሰጠው ጊዜም ሦስት ወር ነው። ሁለቱ አገሮች ለአራስ ልጅ የሰጡት ጊዜ እኩል ሆኖ ሳለ በአንደኛው አገር ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ መድን ይኖረዋል፤ በሌላው የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ይኖረዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የጤና ባለሙያው አዲስ አዋጅ እስኪወጣ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። በማዋለጃ ክፍል የልደት ማሳወቂያ ሲሞላ ቤተሰቡ የመድን አባል መሆን አለመሆኑን መጠየቅና የሕፃኑ ስም እንዲጨመር እናቲቱን መምራት ይቻላል። በክትባት ቀን እድሳቱ ያለፈበትን ቤተሰብ መለየት ይቻላል። ለአባል ልጅ ታዞ በተቋሙ ያልተገኘ መድኃኒት በተለየ መዝገብ ቢጻፍ በዓመቱ መጨረሻ ከመድኑ ጋር በሚደረገው የውል ውይይት ላይ ከአስተያየት ይልቅ ቁጥር ይቀርባል። ያለ አሳዳጊ የመጣን ልጅ በተመለከተም «መታወቂያ የለውም» የሚለው ቃል የመጨረሻው እንዳይሆን ከወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጋር መነጋገር ከሙያው ኃላፊነት ውጭ አይደለም።

በካርድ ክፍሉ መስኮት የምትቆመው እናት የስዊዘርላንድን አረቦን ማወቅ አያስፈልጋትም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ እዚህ ተጽፏል ወይ? ስለ መዋጮ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ የገንዘብ ያዥ ክርክር እንጂ የሐኪም አይሆንም።