«አደጋ የለም» ማለት ደህና ነን ማለት ነው?

የሥራ ቦታ ደህንነት ሲነሳ ሁለት ሐሳብ ይጋጫል። አንዱ «ሕጉ ይጥበቅ፣ ተቆጣጣሪ ይብዛ» ይላል። ሌላው «ቀጣሪው አምኖበት በገዛ ፈቃዱ ቢሠራው ይሻላል» ይላል። የሁለተኛው ሐሳብ ታዋቂ ምሳሌ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ በ1982 የጀመረው የፈቃደኝነት ጥበቃ ፕሮግራም ነው። ይኸው ሐሳብ በሌላ መልክ እኛም አገር ስላለ፣ ጥሩውንና ጉድለቱን ለይተን ብናየው ይጠቅመናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው ራሱ ያመለክታል። አመራሩና ሠራተኛው አብረው መሥራታቸው፣ አደጋ የሚያመጣው ነገር አስቀድሞ መታወቁ፣ መከላከያውና ሥልጠናው ቦታው ድረስ ተሄዶ ይታያል። ያለፈው «ኮከብ» የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ ያገኛል፤ ከመደበኛው ቁጥጥርም ነፃ ይሆናል። ሰው ከሞተ ወይም ሠራተኛ አቤት ካለ ግን መርማሪ ይመጣል።

በጎ ጎኑን አልክድም። ሕግ የሚያዘው ዝቅተኛውን ነው። መወጣጫው ላይ መከለያ እንዲደረግ ያዛል፤ ፎርማኑ ሠራተኛውን ከልቡ እንዲሰማ ግን ማዘዝ አይችልም። እሱ በፈቃድ የሚመጣ ነገር ነው።

የኔ ቅሬታ መለኪያው ላይ ነው። ኮከቡን ለማግኘት የጉዳት ቁጥሩ ከዘርፉ አማካይ በታች መሆን አለበት። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሠራተኛ ከመሰላል ወድቆ እጁን ወለም ቢለው፣ ጓደኞቹም «ተው፣ ኮከባችንን ታስወስድብናለህ» ቢሉት ምን ያደርጋል? ዝም ይላላ! ቁጥሩ ያምራል፤ መሰላሉ ግን እንደተሰበረ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉ የለ ወላጆቻችን?

የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2009 ያወጣው ሪፖርትም አሳሳቢ ነው። ለሰው ሞት አስተዋፅኦ ያደረገ ከባድ ጉድለት የነበረባቸው አንዳንድ ቦታዎች ከፕሮግራሙ ሳይወጡ ቆይተዋል። ኦሻም የፕሮግራሙን ውጤት የሚለካበት ግብና መመዘኛ አላዘጋጀም ነበር።

ወደ ግንባታ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ፋብሪካ ዛሬም ነገም እዚያው ነው። ሕንፃ ግን በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ዛሬ የተሸፈነው ጉድጓድ ነገ ይከፈታል። ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ የዋናው ቀብላን ሳይሆን የንዑስ ተቋራጭ ነው። የምስክር ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ይሰቀላል፤ ሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በእስራኤል የ1988ቱ የግንባታ ሥራ ደህንነት ደንብ ግዴታ ነው። በፈቃድ ከሚያዙት ደግሞ አንዱ በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይሶ 45001፣ ነው። መስፈርቱ ሠራተኛውን ማማከርና ማሳተፍ ይጠይቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በየትኛው ቋንቋ? የ1999 ደንብ ቀጣሪው ሃድራካ እንዲሰጥና ሠራተኛው መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። የወላጆቹን ደብዳቤ ከዕብራይስጥ እየተረጎመ ያደገ ልጅ፣ መፈረምና መረዳት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ግንባታ ላይ ደግሞ ዐረብኛውም፣ ቻይንኛውም፣ ሌላውም አለ።

ስለዚህ በፈቃድ የሚሠራ ፕሮግራም ይቅር አልልም። በሕጉ ላይ ይጨመር እንጂ ሕጉን አይተካ ነው የምለው። ሳያስታውቅ የሚመጣው ተቆጣጣሪ አይቅር። የንዑስ ተቋራጩም ሠራተኛ ይቆጠር። ለጥቂት የተረፈበትን አደጋ የተናገረ ሠራተኛ ይመስገን እንጂ እንደ ጥፋተኛ አይታይ።

ከእናንተ መሐል መሐንዲስ፣ የሥራ ደህንነት ኃላፊም የምትሆኑ አላችሁ። የአንድ ሥራ ቦታ ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ብቻ አትዩ። ባለፈው ወር ስንት ሠራተኛ «ይህ ቦታ ያሰጋል» ብሎ እንደተናገረ፣ ከዚያስ ምን እንደተደረገ ጠይቁ። መልሱ «ማንም አልተናገረም» ከሆነ፣ ኮከቡን ትታችሁ መወጣጫው ላይ ውጡና ሰዎቹን አነጋግሩ።