የመምህርና የደቀ መዝሙር ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በገድል ድርሰት ዘንድ ይህ አነጋገር እንደ ሕግ ነው፤ የጻድቁ ስም የሥራው ትንቢት ሆኖ ይቀርባል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስቀድሞ ፍሥሐ ጽዮን፥ ኋላም የሃይማኖት ተክል መባላቸውን ገድላቸው ይናገራል። የሐይቁ መምህራቸው ስም ግን ኢየሱስ ሞአ ነው፤ ይኸውም ኢየሱስ ድል ነሣ ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ድል አድራጊው ሌላ ነው፤ ባለስሙ ምስክር ብቻ ናቸው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገድል ሁሉ ተረት ነው ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፥ ሐይቅ እስጢፋኖስን ከባሕሩ ማዶ እያየሁ የዚህን ስም ትርጓሜ ሳልጠይቅ ኖርሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ገድላቱን ሳነብ አንድ የሚያሳዝን፥ አንድም የሚያስተምር ነገር አገኘሁ።

የሚያሳዝነው የክብር ክርክሩ ነው። የደብረ ሊባኖስ ወገን እንደሚለው ተክለ ሃይማኖት የምንኩስናን ቀሚስ ከኢየሱስ ሞአ ተቀበሉ፤ ከደብረ ዳሞ ሲመለሱ ግን ቆብና አስኬማን ለመምህራቸው ሰጡ። እንዲህ ከሆነ መምህሩ የተማሪያቸው ልጅ ሆኑ ማለት ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ሲነግሥ የረዳው ማን ነው ሲባልም፥ ሐይቅ ኢየሱስ ሞአን፥ ደብረ ሊባኖስ ተክለ ሃይማኖትን ይጠራል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስታኒስላው ኩር በ1965 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ያሳተመው የኢየሱስ ሞአ ገድልም ከዕረፍታቸው ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ስለሆነ፥ ከዚህ ፉክክር ነጻ አይደለም። ጸሐፊዎቹ የጻድቃኑን ትሕትና እያመሰገኑ፥ ስለ ደብራቸው ክብር ተከራከሩ። በእኔ አስተያየት የድርሰቱ ትልቅ ጉድለት ይህ ነው።

የሚያስተምረው ግን ከገድሉ የሚቀድም ጽሑፍ ነው። ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል በገዳሙ ተጠብቆ ኖሯል። በስጦታው ቃል ስማቸው የሚነሣው መጽሐፍ እንደ ሰጠ ሰው ነው፤ ከማን በለጡ የሚል ክርክር የለበትም። እኔ ከገድሉ ምስጋና ሁሉ ይልቅ ይህን አጭር ቃል አምናለሁ።

በጥንታዊት ኮሪያ የነበሩ የኮንፉሺየስ ትምህርት ሊቃውንት፥ ራስን አንጾ ስምን ማስጠራት ለወላጆች የሚከፈል ዕዳ ነው ይሉ ነበር። በእኛ ዘንድ ዕዳው ለመምህርም ይከፈላል። ነገር ግን መምህሩ ራሱ ዕዳውን ሊጠይቅ አይገባውም። ይህን የምጽፈው ንጹሕ ስለሆንሁ አይደለም። ፊደል ያስቈጠርኋቸው ልጆች ሹመት አግኝተው በመንገድ ሲያልፉኝ ብዙ ጊዜ ተቀይሜአለሁ።

አንባቢ ሆይ፥ መምህር ከሆንህ ተማሪህ ቢበልጥህ አትዘን፤ የተመኘኸው ይህንኑ አልነበረምን? ተማሪ ከሆንህ ደግሞ ስምህ በተጠራ ጊዜ ያስተማረህን ሰው ስም አንሣ። ስለ መምህሩ መልካም ስም መመስከር የደቀ መዝሙሩ ፈንታ ነውና።