ስለ መምታት ቃሎችና ስለ መዝገበ ቃላት አፈታት

በቋንቋችን ስለ መምታት የሚነገሩት ቃሎች ብዙዎች ናቸው። መታ፥ ደበደበ፥ ገረፈ፥ ቀጠቀጠ፥ ወቃ፥ ወቀጠ፥ ጎሰመ፥ ጎሸመ፥ ኮረኮመ፥ ወገረ፥ ወጋ ይባላል። ተማሪ የአንዱን ትርጉም ቢጠየቅ ሌላውን ይመልሳል፤ ገረፈ ማለት መታ፥ መታ ማለትም ደበደበ ነው ይላል። ይህ ግን ቃልን በቃል መለወጥ ነው እንጂ መፍታት አይደለም። ሁሉ አንድ ከሆነ ይህ ሁሉ ቃል ስለ ምን አስፈለገ? አንዱ በቂ በሆነ ነበር።

ከመዝገበ ቃላቶቻችን መካከል የከበረው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፥ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት፥ ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ነው። የድካሙን ታላቅነት ማንም አይክድም፤ እኛም ከማዕዱ የበላን ነን። ነገር ግን ልማዱ ለአንድ የግእዝ ግስ ብዙ የዐማርኛ ቃሎችን በተርታ መደርደር ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም ከዚህ ልማድ አልራቀም። ይህ ድርድር ለሚያውቅ ሰው ሀብት ነው፤ የሚሻውን ይመርጥበታል። ለሚማር ሰው ግን ወሰኑ እንዳልተመለከተ እርሻ ነው፤ የአንዱ ቃል ድንበር ከወዴት እንዲያልቅ፥ የሌላውም ከወዴት እንዲጀምር አያውቅምና።

የቀደሙት ሊቃውንት ግን ወሰኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለዚህ ምስክራችን በሰሙነ ሕማማት የምናስባቸው ዐሥራ ሦስቱ ሕማማተ መስቀል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ስለ መምታት የተነገሩ ናቸው፤ ይኸውም ተጸፍዖ መልታሕት፥ ተቀሥፎ ዘባን፥ ተኰርዖ ርእስ ነው። ጸፍዐ በእጅ መዳፍ ነው፤ ስፍራውም ጉንጭ ነው። ቀሠፈ በጅራፍ ነው፤ ስፍራውም ጀርባ ነው። ኰርዐ በዘንግ ወይም በመቃ ነው፤ ስፍራውም ራስ ነው። ዘበጠ የሚባል ሁሉን የሚያጠቃልል ግስ ሳለ፥ ሊቃውንቱ በእርሱ ብቻ ሦስት ጊዜ ተመታ ብለው አላለፉም። ለእያንዳንዱ ሕማም የገዛ ቃሉን ሰጡት። በጥፊ መመታት ውርደት ነው፤ መገረፍ የወንጀለኛ ቅጣት ነው፤ ራስን በመቃ መመታትም በንጉሥነቱ ላይ የተደረገ ዘበት ነው። ሦስቱን ሁሉ ተመታ ብሎ የተረጐመ ሰው ሥቃዩን ተናገረ እንጂ የሥቃዩን ምሥጢር አልተናገረም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቃል ከግእዝ ወደ ዐማርኛ ሲሻገር መልኩን ሳይለውጥ ምሥጢሩን ይለውጣል። ቀሠፈ በግእዝ የጅራፍ ቃል ሲሆን በዐማርኛ ተቀሠፈ ቢባል በድንገት ሞተ ማለት ነው፤ መቅሠፍትም ከሰማይ የሚወርድ ቍጣ እንጂ ከሰው እጅ የሚወርድ ጅራፍ አይደለም። ስለዚህ ተቀሥፎ ዘባንን ጀርባው ተቀሠፈ ብሎ የሚተረጕም ይሳሳታል፤ ጀርባው ተገረፈ ማለት ይገባዋል። ጐድአም እንዲሁ ነው። በግእዝ መታ፥ ገጨ ማለት ሲሆን፥ ጎዳ የሚለው የዐማርኛ ዘመዱ ግን ምቱን ትቶ ከምቱ የተገኘውን ጕዳት ብቻ ያዘ።

ወደ ዐማርኛው ስንመለስ፥ መታ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መታ እንደሚባለው። ደበደበና ቀጠቀጠ ግን ፊደላቸው ራሱ ተደጋግሞ የምቱን መደጋገም ይናገራል። ሁለቱም በፍጻሜ ይለያያሉ። የሚደበድብ ሊጎዳ ነው፤ የሚቀጠቅጥ ግን መልክ ሊያወጣም ይችላል፤ ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው የተባለውም ስለዚህ ነው። በቦኬና በጭሮ አገር ያለ ገበሬ ማሽላውን ይወቃል እንጂ ይደበድባል አይባልም፤ እህሉ ከገለባው እንዲለይ ነውና። ቡናውንም በሙቀጫ የምትወቅጠው ሴት አትወቃም፤ ልታደቅ ነውና። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ከበሮ ይመታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለውም ያለ ነገር አይደለም፤ የመታ ቢረሳ ቢባል ምሳሌው በደከመ ነበር። ምት ያልፋል፤ የተወጋ ግን ጠባሳው ያስታውሰዋል።

ከሁሉ የሰፋው መታ ነው። ምችና ራስ ምታት ከእርሱ ወጡ፤ መብረቅም ብርድም ይመታል፤ ግጥምም ቤት ይመታል። ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ አድማ መቱ እንላለን። የሚያስደንቀው እንግሊዞችም ስለ አድማ የሚናገሩበት ስትራይክ የሚለው ቃል መምታት ማለት መሆኑ ነው። እነርሱም እንደ እኛ ቃሎቻቸውን በወሰን ይዘዋል። ሂት አጠቃላዩ ነው፤ ቢት የተደጋገመው ነው፤ ስላፕ በመዳፍ ነው፤ ፓንች በቡጢ ነው፤ ኖክ በር ሲንኳኳም ይነገራል፤ ግእዝም ለዚህ ጐድጐደ የሚል አለው። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ይህን ሁሉ መታ በሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ቢይዝ፥ የባዕዱን ሀብት ሳያገኝ የገዛ ሀብቱን ይረሳል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ ፍርድ አደባባይ ይመልከት። በአገራችን በምዕራብ ሐረርጌ የሕዝቡ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የፍርድ ቤቱም ሥራ በዚሁ ቋንቋ ይካሄዳል። መዝገቡ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሲወጣ ግን ወደ ዐማርኛ ይገለበጣል። ኦሮምኛም ሩኩቴ ሲል መታ ማለት ነው፤ ሬቤ ሲል ደበደበ ማለት ነው። ምስክሩ ሩኩቴ ያለውን ተርጓሚው ደበደበ ብሎ ቢጽፈው አንዲት ጥፊ ብዙ ዱላ ትሆናለች። ሬቤ ያለውንም መታ ብሎ ቢያቃልለው የተበደለው ሰው እንባ በወረቀት ላይ ይደርቃል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የእጅ እልፊትን ከአካል ጕዳት ለይቶ ለእያንዳንዱ የተለየ ቅጣት ደንግጓል። ሕጉ የለየውን ተርጓሚ ቢቀላቅለው ዳኛው በምን ይፈርዳል?

እንግዲህ ወደ ፊት መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ከድርድሩ ላይ ጥቂት እንዲጨምሩ እንለምናለን። የመታው በምን ነው? ያረፈው በምን ላይ ነው? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ብዙ ጊዜ? የታሰበውስ ለጕዳት ነው፥ ለቅጣት ነው፥ ወይስ ለሥራ? እነዚህን ለይቶ ከአንድ ምሳሌ ጋራ የሚጽፍ ሰው፥ ዐሥር ቃሎችን ከሚደረድር ይልቅ ተማሪን ይጠቅማል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅን ለመለየት ብዙ ዘመን እንደክማለን፤ ወርቁ የሚገኘው ግን ሰሙ በልኩ ሲሠራ ነው። ቃሉን ያለ ወሰኑ የሚያኖር ሰው ሰሙን አበላሽቷልና ወርቁን ከወዴት ያገኘዋል?