የሽፋኑን ሸክም የተሸከመው ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የጊዲዮን ራፍን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ፊልም ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ታሪኩ የእኛንም ሰዎች የሚመለከት ስለሆነ የተሰማኝን ልበል።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ለጌጥ የቆመ ምሰሶና ጭነት የተሸከመ ምሰሶ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ የሚለዩት ክብደት ሲያርፍባቸው ነው። የሰላይ የሐሰት ማንነትም እንዲሁ ነው። የሞሳድ ሰዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ የተባለውን የመዝናኛ መንደር የተከራዩት የስዊስ ኩባንያ ሠራተኞች መስለው ነበር። ሽፋኑ የጸናው ግን ወረቀቱ ስላማረ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ የእውነት ሆቴል ሆነ! ቱሪስቶች መጡ፣ ዋና ጠላቂዎች ተስተናገዱ፣ ገቢው ወጪውን ቻለ። የአካባቢው ሠራተኞች እንኳ ቀጣሪያቸው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሌሊት ደግሞ ከገዳሪፍ አካባቢ የስደተኛ መጠለያዎች ቤተ እስራኤላውያን በመኪና ተጭነው በድብቅ ወደ ባሕሩ ይወሰዱ ነበር። ፊልሙ የሆቴሉን ነገር አሳምሮታል፤ ያልተጠበቁ እንግዶች ሲመጡ የሚፈጠረውን ግርግር አይቼ ከልቤ ስቄአለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የሐሰት ማንነት የለበሱት ሰላዮቹ ብቻ አልነበሩም። ሱዳን እስራኤልን በጠላትነት የምታይ አገር ነበረችና ቤተ እስራኤላውያኑም በመጠለያው ውስጥ አይሁድነታቸውን ደብቀው ነው የኖሩት። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ የተዘጋጀ ፓስፖርትም ሆነ የታተመ ብሮሹር አልነበራቸውም። ሰላዩ በሩን ዘግቶ ከጓዶቹ ጋር ለጥቂት ሰዓት ራሱን መሆን ይችላል። እናት ግን ልጇን በጨዋታ መካከል አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ቀን ከሌት መጠበቅ አለባት። ሰንበቷንም ሐዘኗንም ከጎረቤት ሰውራ ነው። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል።

በፊልሙ «ከበደ ቢምሮ» የተባለው ገጸ ባሕርይ መነሻው ፈረደ አክሉም ነው፤ ራሱ በሱዳን ስደተኛ ሆኖ ደብዳቤ በመላክ የዚያን ጉዞ በር ካስከፈቱት አንዱ። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሪስ ኢቫንስን ይከተላል። ጌጡን አሳይቶ ጭነት የተሸከመውን ምሰሶ በጥላ ውስጥ ተወው።

በስደት መንገድ ስሙንና አገሩን ደብቆ ያለፈ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። የእሱን የሽፋን ታሪክ ማን ይጻፍለት?

ቸር ይግጠመን።