የተቃጠለው ፋይል

«ፊሎሚና»ን ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው መጨረሻ አካባቢ ያለውን ክፍል ነው። እናትየዋ ገዳሙ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት መነኩሲት ፊት ለፊት ቆማ ይቅር ትላታለች፤ አብሯት የመጣው ጋዜጠኛ ግን ንዴቱን መዋጥ ያቅተዋል። ሰው እዚህ ጋ ያለቅሳል። ተዋናይዋ ጁዲ ዴንች ስለሆነች ማልቀሱም አያስነውርም። እኔ በበኩሌ የፊልሙን ጉልበት የማየው ሌላ ቦታ ነው፦ ወረቀት በሚታይባቸው፣ ወይም መታየት ሲገባው ጠፋ በሚባልባቸው ትዕይንቶች። ያ ዝነኛ የይቅርታ ትዕይንት እንዲያውም ፊልሙ በትዕግሥት ሲቆፍር የቆየውን ጉድጓድ መልሶ የሚደፍንበት ይመስለኛል።

ታሪኩን ላላወቃችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊሎሚና ሊ አየርላንዳዊት ናት። ሳታገባ በማርገዟ ሮስክሬ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሾን ሮስ አቢ ተላከች። ቦታው የካቶሊክ መነኮሳይት የሚያስተዳድሩት «የእናቶችና ሕፃናት ቤት» ነበር። በ1952 ወንድ ልጅ ወለደችና አንቶኒ አለችው። ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠራች፣ ልጇን በሰዓት ገደብ እያየች ሦስት ዓመት ያህል ቆየች። በ1955 አሜሪካውያን ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዱት፤ ማይክል ሄስ ሆነ። ሕግ አጥንቶ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ዋና የሕግ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1995 በኤድስ ሞተ። እናቱ ምስጢሩን ሃምሳ ዓመት ያህል በሆዷ ይዛ ኖረች። ጋዜጠኛው ማርቲን ሲክስስሚዝ በ2009 መጽሐፍ ጻፈበት፤ ስቲቨን ፍሪርስ በ2013 ፊልም አደረገው። ስክሪፕቱን ስቲቭ ኩጋን ከጄፍ ፖፕ ጋር ጻፈ፤ ጋዜጠኛውንም ሆኖ የተወነው ራሱ ኩጋን ነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ፊሎሚናና ጋዜጠኛው ገዳሙ ሄደው ሲጠይቁ፣ አንደበቷ የለሰለሰ አንዲት መነኩሲት መዝገቦቹ በእሳት አደጋ እንደወደሙ ትነግራቸዋለች። መስተንግዶው ያማረ ነው። ፊሎሚና ልጇን አሳልፋ ለመስጠት፣ ዳግመኛም ላትፈልገው የፈረመችበት ወረቀት ግን ከእሳቱ ተርፏል፤ እሱን አውጥተው ይሰጧታል። ቆየት ብሎ ጋዜጠኛው መጠጥ ቤት ውስጥ ከአገሬው ሰዎች እንደሚሰማው፣ እሳቱ አደጋ አልነበረም፤ መነኮሳይቱ ራሳቸው ያነደዱት ነው። እስቲ አስቡት፦ የትኛውን ወረቀት በልቶ የትኛውን መተው እንዳለበት የሚያውቅ እሳት! ፊልሙ ይህን በጨዋታ መሃል ጣል አድርጎት ያልፋል፤ አያጮኸውም። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበረታ ክስ የለም፤ የቀረበውም ያለ አንዲት ዘለላ እንባ ነው።

የይቅርታው ትዕይንትስ? ሲስተር ሂልደጋርድ በእውነት የነበረች ሰው ናት። ነገር ግን የሞተችው በ1995 ነው፤ ሲክስስሚዝ ደግሞ ፊሎሚናን ያገኛት በ2004። እናም እንዲህ ያለ ግንኙነት አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር። ፊሎሚናም ከጋዜጠኛው ጋር ሆና ልጇን ፍለጋ አሜሪካ አልዞረችም። ፈጠራ ነውር ነው እያልኩ አይደለም፤ ፊልም ነውና ይፈጥራል። እኔን የሚያሳስበኝ ፈጠራው የሸፈነው ነገር ነው። ፊልሙ ለግፉ አንድ ፊት፣ አንድ ክፉ አንደበት ሰጠው፤ ተመልካቹም ቂሙን እሷ ላይ አራግፎ፣ ከእናትየዋ ጋር ይቅር ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እውነታው ግን አንዲት መራራ መነኩሲት ብቻዋን የምትሸከመው አይደለም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ከ2,000 የማያንሱ ሕፃናት ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ለማደጎ ተልከዋል፤ እያንዳንዱም ፓስፖርት ያስፈልገው ነበር። ፓስፖርት የሚሰጠው መነኩሲት አይደለም። ማኅተሙን የሚመታው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።

የአየርላንድ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በጥር 2021 ያወጣው ሪፖርት ከ1922 እስከ 1998 ያለውን ዘመንና 18 ተቋማትን ያያል። 56,000 ያህል ሴቶች፣ 57,000 ያህል ሕፃናት በእነዚህ ቤቶች አልፈዋል፤ 9,000 ያህል ሕፃናት ሞተዋል። ሪፖርቱ ግን በሴቶቹ ላይ ለደረሰው ጭካኔ በዋናነት ተጠያቂ የሚያደርገው የልጆቹን አባቶችና የሴቶቹን ቤተሰቦች ነው። በሕይወት ካሉት ሴቶች ብዙዎቹ ይህን ድምዳሜ አልተቀበሉትም። ለኮሚሽኑ ቃላቸውን ከሰጡት የብዙዎቹ የድምፅ ቅጂ መደምሰሱ ሲታወቅ ደግሞ ሌላ ቁጣ ተነሣ፤ ቅጂዎቹ በኋላ ከመጠባበቂያ ተገኙ። እሳቱ ዘመናዊ ሆኖ ነበር ለማለት ይቃጣኛል።

የዚህ ታሪክ እውነተኛ ድራማ ያለው መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት በማደጎ ያደገ አየርላንዳዊ የራሱን የመጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬት የማግኘት መብት አልነበረውም። የልደት መዝገቡ ራሱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የተቆለፈው የማደጎውን ስም ከልደቱ ስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ዘዴ ፈለጉ፦ የተወለዱበትን ቀን ይዘው ደብሊን ይሄዳሉ፣ በዚያ ቀን የተመዘገቡትን ልደቶች አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ የማይሆኑትን እየሰረዙ የቀረውን «እኔ ይሆን?» ይላሉ። አንዳንዱ ያም ዘዴ አልሠራለትም፤ አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ ሆነው በሐሰት ተመዝግበው ነበርና። በ2018 ከአንድ የማደጎ ድርጅት ፋይሎች ብቻ 126 እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች ይፋ ሆነዋል። ሕጉ የተለወጠው በ2022 ነው። ዛሬ ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሰርተፍኬቱን ይሰጡታል፤ እናቱ መገናኘት አልፈልግም ብላ ከሆነ ግን አስቀድሞ ስልክ ተደውሎለት ፈቃዷን እንዲያከብር ይነገረዋል። ሰውዬው የጠየቀው የራሱን ስም ነው፣ ምክር አይደለም።

የቱዋም ከተማ ነገር ከዚህ ይብሳል። ካትሪን ኮርለስ የተባለች የአካባቢ ታሪክ አጥኚ፣ ከ1925 እስከ 1961 እዚያ በነበረው ቤት የሞቱትን ሕፃናት ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ጠየቀች፤ ለአንዱ ሰርተፍኬት 4 ዩሮ እየተጠየቀባት ሰበሰበች። 796 ሆኑ። ጽሑፏን በ2012 በከተማዋ የታሪክ መጽሔት ላይ አወጣች፤ ዓለም የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2017 የሕፃናት ዐፅም በግቢው መሬት ሥር መገኘቱ ተረጋገጠ፤ ቁፋሮው የተጀመረው በሐምሌ 2025 ነው። ሰዓሊም ሆነ ደራሲ ከዚያ ዝርዝር ጋር ሲወዳደር ምን ሊጨምር እንደሚችል እንጃ።

አንድ መጽሐፍ ግን ጨምሯል። ክሌር ኪገን በ2021 ያሳተመችው፣ «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ልንለው የምንችለው ቀጭን ልቦለድ ዘመኑ 1985 ነው፤ ባለታሪኩ ቢል ፈርሎንግ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ። በገዳሙ የከሰል ማከማቻ ውስጥ ተቆልፎባት ያገኛት ልጅ የምትጠይቀው ስለ ሕፃኗ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ፣ ከአንድ አንቀጽ የማይበልጥ ቦታ ነው። ፈርሎንግ ራሱ ካላገባች እናት የተወለደ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱን ለማውጣት ሲሄድ፣ የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ያገኛል፤ ወረቀቱን ያቀበለው ጸሐፊ ፊት ላይም መጥፎ ፈገግታ አለ። አለቀ። ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፣ ይቅር የሚልም የለም። አባቱን የሚጠረጥረው በኋላ፣ አንዲት ሴት ከሌላ ሰው ጋር መመሳሰሉን አይታ ዘመዱ ስታደርገው ነው። እኛ «ቁርጥ አባቱን» የምንለው ነገር መሆኑ ነው፤ መዝገቡ የደበቀውን ፊቱ ተናገረ። «ፊሎሚና» በአንድ ሰዓት ተኩል ያልደፈረውን ኪገን በአንድ ጸሐፊ ፈገግታ ትጨርሰዋለች፦ ግፉ በየቢሮው፣ በየመስኮቱ፣ በተራ ሰው እጅ የሚታደል መሆኑን።

ይህን በአማርኛ የሚያነብ ሰው «የነሱ ጉድ» ብሎ ባያልፈው ደስ ይለኛል። «ዲቃላ» የሚለው ቃል ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። ሰው ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ይዞ በሚኖርበት፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሰላምታ በሆነበት አገር «አይታወቅም» ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልግም። ማደጎም ሆነ ጉዲፈቻ ከኛ ዘንድ በአደባባይ የሚደረግ ነገር ነበር፤ ጎረቤት ያውቀዋል፣ ልጁም ያውቃል። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግም የማደጎ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ነገር ግን በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ፣ የሄዱት ከድንጋጌው ጋር ሳይሆን ከፋይላቸው ጋር ነው። ወደ አየርላንድም የሄዱ አሉ። በጥር 2018 ፓርላማው የውጭ ማደጎን ሲከለክል ፋይሎቹ ተጽፈው አልቀው ነበር። ዛሬ አድገው ከሚመለሱት መካከል «ወላጆቹ ሞተዋል» የሚል ወረቀት ይዘው እናታቸውን በሕይወት ያገኙ አሉ። ስለነሱ ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እቅፍ በፊት ያን ወረቀት ማን እንደጻፈው ቢጠይቅልን እወዳለሁ።

ደግነቱ «ፊሎሚና» በይቅርታው አያበቃም፤ ወደ መቃብሩ ይወጣል። ማይክል ሄስ እናቱን ፍለጋ ገዳሙ መጥቶ ነበር፤ የት እንዳለች አልተነገረውም። እሷም እየመጣች ስትጠይቅ ስለ እሱ አልተነገራትም። ሲሞት በገዛ ፈቃዱ እዚያው ሾን ሮስ አቢ ተቀበረ፤ ድንጋዩ ላይ የተወለደበት ቀንና ቦታ ተቀርጿል። ጠበቃ ነበርና መረጃ የት ቢቀመጥ እንደማይቃጠል ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። በፊልሙ ውስጥ ጋዜጠኛው እዚያ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ላለማሳተም እንደወሰነ ይነግራታል። ፊሎሚና ጥቂት ታስብና አሳትመው፣ ሰው ይወቀው ትለዋለች።